ሩቅ ያለ ዘመድ ለቤት ምርቃት እንዴት ይጠራል?

ጎንደር ላይ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ለድንኳኑና ለወጡ ብዙ አይቸገርም፤ እድሩና ጎረቤቱ ያውቁበታል። ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ሌላ ነው። «ጭልጋ ያሉትን አጎቴን በስልክ ብጠራቸው ይቀየሙኛል? አዲስ አበባ ላሉት በቴሌግራም ብልክ ነውር ነው? አሜሪካ ያለችው እህቴ እንደማትመጣ እያወቅሁ ልጥራት ወይስ ልተወው?» መልሱን በቅደም ተከተል እነሆ።

የሩቅ ዘመድ የሚቀየመው ምግብ አንሶበት አይደለም። ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ፣ ከታናሹ በኋላ ተጠርቶ፣ ወይም መጥቶ ማደሪያ አጥቶ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት እነዚህ ሦስቱ እንዳይደርሱ ነው። ስሌቱ የተሠራው 60 ሰው ለሚጠራ ቤት ሲሆን ከ60ው 20ው ከሩቅ መጥተው ያድራሉ። የእናንተ ቢበዛም ቢያንስም በዚያው ልክ አስተካክሉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። የተጠራው፣ የመለሰው መልስ፣ የሚያድርበት ቦታና ይዞት የመጣው ስጦታ ሁሉ እዚህ ይጻፋል።
- የአበሻውንም የፈረንጁንም ቀን ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር።
- ሁለት መልእክተኞች፦ አንድ ከአባት ወገን፣ አንድ ከእናት ወገን። ሽማግሌ ዘንድ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።
- ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ቤት 1 ኪሎ ቡናና 2 ኪሎ ስኳር። ባዶ እጅ አይኬድም።
- 12 ፍራሽ፣ 20 ጋቢ፣ 20 ብርድ ልብስ። የጎደለውን ከጎረቤት ተዋሱ፤ የማን እንደሆነ በክር ምልክት አድርጉበት።
- ባለ 1,000 ሊትር ሮቶና 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለአንድ አዳሪ በቀን 20 ሊትር ብትይዙ 20 ሰው በ3 ቀን 1,200 ሊትር ይጨርሳል።
- 370 እንጀራ። ለምርቃቱ ምሳ 60 ሰው በ3 ሲባዛ 180፤ ለአዳሪዎቹ ከቅዳሜ ራት እስከ ሰኞ ቁርስ ባለው 4 ማዕድ 20 ሰው በ2 ሲባዛ 160፤ ለመጠባበቂያ 30። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የምሳውን ብቻ አስቦ የአዳሪዎቹን ይረሳል።
- ሙስሊም ዘመድ ካላችሁ የተለየ ድስት፣ የተለየ ቢላዋ፣ የተለየ ትሪ።
- እንግዳ የሚያመላልስ አንድ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ አንድ ልጅ።

ደረጃ 1፦ ቤቱ ሰው ለማሳደር መድረሱን እዩ

ሽንት ቤቱ ሳይሠራ፣ ውኃና መብራቱ ሳይገባ የሩቅ ሰው አትጥሩ። የቅርቡ በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሩቁ ግን ሁለት ሦስት ሌሊት እዚያው ነው። የመጨረሻው ቀለም ከምርቃቱ 2 ሳምንት ቀድሞ ይቀባ፤ መስኮቱም ተከፍቶ ይክረም። ቀለሙ ገና የሚሸት ክፍል ውስጥ ያደረ ሽማግሌ ራሱን ሲያመው ያነጋል፣ ቀኑንም ሳይደሰትበት ይውላል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ቁረጡ

እሑድ ይሻላል። የገጠሩ ሰው ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር መኪና አያጣም፤ ካህኑም ሽማግሌውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጻ ነው፤ ሠራተኛውም የሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው ለጥቂት ቀን ብቻ ይሆናል። ካላንደሩን ዘርግታችሁ የሚከተሉትን አጣሩ።

ጾም፦ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና የሰኔው ጾም በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ እዩ። በጾም የጠራችሁት የገጠር ሰው ይመጣል፤ ግን በግ አርዳችሁ ልታበሉት ስትችሉ ሽሮ አብልታችሁት ይመለሳል።

ዝናብና እርሻ፦ ሐምሌና ነሐሴ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል፣ ወንዝ ይሞላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ገበሬ አዝመራውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይመጣም።

ጥምቀት፦ ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፣ ሆቴልም የአውሮፕላን ትኬትም ይጠፋል። «ለጥምቀት መምጣታቸው ስለማይቀር ጥር 13 ላድርገው» የሚል ሰው አለ። ለውጭ አገሩ ዘመድ ይመቻል፤ ታቦቱን አጅቦ ለዋለው ሽማግሌ ግን ድካም ነው። ደግሞም የገጠሩ ሰው የራሱን ደብር ታቦት ትቶ አይመጣም።

የወር በዓል፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገበሬው እርሻ ስለማይገባ ነጻ ይመስላል። የጽዋ ተራው የደረሰ ሰው ግን ያን ዕለት ደጋሽ ነው። ጠይቁ።

ረመዳን፦ ሙስሊም ዘመድ ካለ በጾሙ ወር የቀን ምሳ አይጠራም።

በ2019 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ሲጣራ እንዲህ ይሆናል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት እሑዶች ጥር 16፣ 23 እና 30 ናቸው። ጥር 30 ረመዳን የሚገባበት ሰሞን ነው። ጥር 16 ደግሞ ለጥምቀት በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ጥር 23 ይሻላል። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምቹ ጊዜ ሚያዝያ 24 ከሚውለው ፋሲካ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑን ለሰው ሁሉ ከመናገራችሁ በፊት ከአባት ወገን ትልቁን፣ ከእናት ወገን ትልቁን «ይህ ቀን ይመቻል?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤተ ዘመዱ ያለውን ሰርግ፣ ተዝካርና ክርስትና የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዴ የተነገረ ቀን ሲቀየር ሩቅ ያለው ሰው ሁለተኛውን ወሬ ሳይሰማ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ስም ጻፉ

ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት፦ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን። ባለትዳር ከሆናችሁ የባልም የሚስትም ስለሚጻፍ አራት ዓምድ ይሆናል። በየዓምዱ ከላይ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ አጎትና አክስት፣ ከዚያ የእነሱ ልጆች ይደርደሩ። ብዙ ጊዜ የሚረሱት የክርስትና አባትና እናት፣ የንስሐ አባት፣ ልጅ ሆናችሁ ያሳደጋችሁ ሰው፣ የሟች አጎት ሚስትና ልጆቿ ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት ሳትጠራ ስትቀር «እሱ ሲሞት ተረሳሁ» ብላ ታዝናለች፤ ከሁሉ በፊት የእሷን ስም ጻፉ።

ደንቡ ይህ ነው፦ ከአንድ እናት ልጆች አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው የለም። ቤት ጠቦ ሁሉን መጥራት ካልተቻለ ቁጥር ቆርጣችሁ «ከየቤቱ ሁለት ሰው ይምጣ» አትበሉ። ትልቁን «ከእናንተ በኩል ስንት ሰው ልጠብቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው ማን ሊመጣ ማን ሊቀር እንደሚገባ ያውቃሉ፤ የቀረውም ሰው እናንተን አይቀየምም።

ደረጃ 4፦ ኀዘንና ኩርፊያ አጣሩ

ይህን ደረጃ ዘልሎ ስልክ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሲበላሽም ክፉኛ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

ኀዘን ያለበት ቤት ሳትደርሱ ጥሪ አትላኩ። ልቅሶውን ያልደረሰ ሰው ለደስታ ሲጠራ «ሲከፋኝ የት ነበርክ?» ይባላል። መጀመሪያ ሄዳችሁ እግዚአብሔር ያጥናችሁ በሉ፤ በዚያው ዕለት ስለ ምርቃቱ ትንፍሽ አትበሉ። ጥሪው ከቀናት በኋላ በሌላ ሰው በኩል ይሄዳል፦ «ኀዘንዎን እናውቃለን፤ ቢመጡልን ደስታችን ነው፤ ባይችሉም እንረዳለን»። አርባው ያልወጣለት የቅርብ ዘመድ ካለ ምርቃቱ ከአርባው ወዲያ ይሁን።

ላኮረፈ ዘመድ የጥሪ ወረቀት ዕርቅ አይሆነውም። ከምርቃቱ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድማችሁ ሁለቱም የሚሰሟቸው ሽማግሌ ላኩ፤ ዕርቁ ሲወርድ ጥሪው በእሳቸው አፍ ይሂድ። በሌላ በኩል እርስ በርሳቸው የተጣሉ ሁለት ዘመዶች ካሉ፣ በተለይ በርስት የተካሰሱ፣ ለሁለቱም «እሱም ተጠርቷል» ብላችሁ ቁርጡን ንገሯቸው። በር ላይ ድንገት ተያይተው አንዱ ዞሮ ከሚመለስ፣ አውቆ መጥቶ በሌላ ጥግ መቀመጡ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ በቅደም ተከተል ጥሩ

- 10 ሳምንት ሲቀር፦ ውጭ አገር ያሉት። ትኬት የሚቆርጡት፣ ከሥራ ፈቃድ የሚያወጡት አሁን ነው።
- 6 ሳምንት ሲቀር፦ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችና አማቶች። በአካል ወይም በመልእክተኛ።
- 5 ሳምንት ሲቀር፦ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሌላ ከተማ ያሉት። በስልክ፤ ጽሑፉ በኋላ ይከተላል።
- 3 ሳምንት ሲቀር፦ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ደምቢያ፣ በለሳ፣ አርማጭሆ፣ መተማ ያሉ አጎትና አክስት ልጆች።
- 2 ሳምንት ሲቀር፦ የጎንደር ከተማው ዘመድና ጎረቤት።

የውጭዎቹ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው እንዲያውቁ የሚያስገድደው ትኬቱ ነው። ስለዚህ ለነሱ ስትነግሩ «ትልልቆቹ ገና በወጉ አልተጠሩም፤ እስኪጠሩ በእናንተ ይቆይ» በሏቸው። ይህ ቃል ካልተነገረ በማግስቱ ወሬው በኢሞ ዞሮ ጭልጋ ይገባል፤ ሽማግሌውም ከእናንተ ሳይሆን ከአሜሪካ ይሰማሉ።

ሽማግሌና አማት በስልክ ብቻ አይጠሩም። መሄድ ካልቻላችሁ መልእክተኞቹ ይሂዱ፤ ስልክ የምትደውሉት እነሱ እዚያው ቁጭ ብለው ሳለ ነው። ቀበሌው ኔትወርክ ከሌለው ቅዳሜ ገበያ የሚመጣ የአገሩን ሰው ፈልጋችሁ ቃሉን አስይዙ፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያደርሳል።

ደረጃ 6፦ አነጋገሩን አስተካክሉ

በስልክ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ወዲያው ወደ ጉዳያችሁ ከገባችሁ ለጉዳይ ብቻ የደወላችሁ ይመስላል። «አቶ» እና «ወይዘሮ» ለዘመድ ይቀዘቅዛል፤ ለወንዱ «አያ» ወይም «ጋሼ»፣ ለሴቷ «እትዬ»፣ ለካህን «አባ» ወይም «መሪጌታ»፣ ሐጅ ላደረገ «ሐጂ» በሉ። በዕድሜ ትንሽ እንኳ የሚበልጣችሁን «አንተ» አትበሉ፤ ከተማ ያደገ ልጃችሁ ስልኩን ተቀብሎ ሲያወራም አስጠንቅቁት።

ለሽማግሌ አጎት የሚባለው እንዲህ ነው፦

«አያ፣ እንደምን ከረሙ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ? እግዚአብሔር ረድቶን ትንሽ ጎጆ ቀለስን። እርስዎ ሳይመርቁት ቤት አንለውምና እሑድ ጥር 23 መጥተው ይመርቁልን። ቅዳሜ በጧት መኪና ይያዙ፤ ልጃችን አዘዞ ቆሞ ይቀበልዎታል። ማደሪያዎ ተሰናድቷል። ሰኞም ማክሰኞም ከእኛው ጋር ነዎት። መንገዱ ካልተመቸ ግን ራስዎን አያስጨንቁ፤ ምርቃትዎን በስልክ እንቀበላለን፣ ድርሻዎንም እንልካለን።»

እዚህ ውስጥ አምስት ነገር አለ፦ ትሕትናው፣ የተጠሩበት ምክንያት፣ ቀኑና መንገዱ፣ ማደሪያው፣ እና መቅረት ቢመጣ የሚያወጣቸው በር። የመጨረሻውን አትተዉት። መንገድ በሚዘጋበት ወይም በሚያሠጋበት ሰሞን «ካልመጡ እቀየማለሁ» ማለት ሽማግሌን ወደ አደጋ መግፋት ነው። በሌላ በኩል «ከቻሉ ብቅ ይበሉ» የሚለው ደግሞ «ባይመጡም ግድ የለኝም» ተብሎ ይሰማል።

ቤቱ ስንት ብር እንደፈጀ፣ ስንት ክፍል እንዳለው አታውሩ። ለግንባታው ገንዘብ ያበደረ፣ እንጨት የላከ፣ በጉልበት የረዳ ዘመድ ካለ ግን በስልኩ ላይ ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑት፦ «እርስዎ የረዱን ቤት አለቀ»።

ሙስሊም ለሆነ ዘመድ ስትደውሉ የምግቡን ነገር ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፦ «ለእናንተ በጉ ለብቻ ነው፤ አራጁም ሠሪውም የእናንተው ሰው ነው።» ይህ ካልተነገረው ወይ ይቀራል፣ ወይ መጥቶ ሳይበላ ይውላል።

ደረጃ 7፦ ጽሑፉን ላኩ

በቴሌግራም መላክ ነውር የሚሆነው ድምፅ ሳይቀድመው ሲቀር ነው። ደውላችሁ ከጠራችሁ በኋላ ቀኑ እንዳይረሳ ጽሑፉን ላኩ። ለብዙ ሰው የተከፈተ ግሩፕ ላይ ጥሪ መለጠፍ ግን ለማንም አለመጥራት ነው፤ ለየአንዳንዱ በስሙ ይላክ። የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦

«ውድ የአክስቴ ልጆች፣ እግዚአብሔር ፈቅዶ የሠራነውን ቤት እሑድ ጥር 23 ቀን 2019 ዓ.ም. (በፈረንጁ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027) በጎንደር ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ እናስመርቃለን። ቅዳሜ ገብታችሁ ከእኛ ጋር እንድታድሩ አስበናል። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ጥር 8 ንገሩን።» ከሥሩ ሰፈሩ፣ የሚታወቅ ምልክትና ሁለት ስልክ ቁጥር ይጻፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑን 23/5/2019 ብላችሁ አትጻፉ። ውጭ ያደገ ልጅ ይህን የፈረንጅ ሜይ 23 አድርጎ ያነበዋል፤ ዓመቱንም ያለፈ ዘመን ያደርገዋል። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። «6 ሰዓት» ብቻ ከተባለም ጧት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚደውልላችሁ አይጠፋም።

የሳምንቱን ቀንም አስቡ። እስራኤል ያለ ዘመድ እሑድ የሥራ ቀኑ ነው፤ ፈቃድ እንዲያወጣ ቀድሞ ይነገረው። በጽሑፉ ላይ የቤት ዕቃ ወይም ገንዘብ የሚጠቅስ ቃል አይግባ። ዘመዱ ራሱ «ምን ላምጣ?» ካለ ትንሽና ቁርጥ ያለ ነገር ንገሩት፤ «ምንም» ስትሉት ይጨነቃል፣ ትልቅ ስትሉት ይቀራል።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን አረጋግጡ

2 ሳምንት ሲቀር በደብተሩ እየዞራችሁ ደውሉ። «ትመጣለህ?» ሳይሆን «ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንጠብቅህ?» በሉ፤ መልሱ ይቆረጣል። ከገጠር 10 ሰው እመጣለሁ ካለ ለ13 አስቡ፤ መንገድ ላይ ጎረቤትና የልጅ ልጅ ይጨመራል፣ ያም ደግ ነው።

አቅም ለሌለው ሽማግሌ የመንገድ ገንዘብ ላኩ። ግን ለእሳቸው በቀጥታ አይላክም፤ በቴሌብር ለልጃቸው ልካችሁ «ለስንቅ ነው» በሉ። ሰው ፊት «የመኪና እከፍላለሁ» ሲባሉ ያፍራሉ፣ አፍረውም ይቀራሉ።

ደረጃ 9፦ መንገዱንና አቀባበሉን አሰናዱ

ጎንደር በሁለት አፍ ይገባባታል። ከባሕር ዳር፣ ከማክሰኚት፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋና ከመተማ የሚመጣው በአዘዞ በኩል ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው በሰሜን በኩል ይገባል። ስለዚህ አንድ ልጅ አዘዞ፣ አንድ ልጅ በሰሜኑ በኩል ይመደብ። አንዱን ልጅ በሁለቱም ላይ ካሯሯጣችሁት አንዲት አሮጊት መናኸሪያ ላይ ዕቃቸውን ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ።

ከመነሳታቸው በፊት በነበረው ምሽት ለእያንዳንዱ ደውላችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን፣ መታወቂያ መያዛቸውን፣ በቀን ብርሃን የሚያስገባቸው መኪና መሆኑን። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በዚያ የሚመጣው ሐሙስ ይነሳ፤ ዓርብ ገብቶ ይረፍ። ዓርብ ለገባው የጾም ምግብ መኖሩን አትርሱ።

ደረጃ 10፦ ማደሪያውን ደልድሉ

ማን የት እንደሚያድር በደብተሩ ላይ በስም ይጻፍ። ሽማግሌና አሮጊት ከሽንት ቤቱ ቅርብ፣ ደረጃ የሌለው ክፍል ይያዙ። ካህን ለብቻው። የምታጠባ እናት ከጭፈራው ራቅ ካለ ክፍል። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ፍራሽ፤ ቤት ከሞላ ወደ ጎረቤት የሚወጡት እነሱ ናቸው። ሽማግሌን ጎረቤት ወስዶ ማሳደር «ለእኔ ቦታ ጠፋ» ያሰኛል።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የጥር ሌሊቷም ይቀዘቅዛል። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የመጣ ሰው ስስ ልብስ ለብሶ ስለሚደርስ ለእሱ ብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ይደረብለት፤ በርዶኛል ብሎ አይጠይቃችሁምና ሳይጠይቅ አኑሩለት። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ከሐሙስ ጀምሮ ይሞላ። የስልክ ቻርጀርና ሻማ በየክፍሉ ይቀመጥ። ጸበሉ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ይረጭ።

ደረጃ 11፦ የምርቃቱ ዕለት

ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ ከጎረቤት ሽማግሌ በላይ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ይህን ያውቃል፤ የሩቁ ሰው ግን በማያውቀው ሰው መካከል በር አጠገብ ከቀረ እንግድነቱ ይሰማዋል። አጠገባቸውም የሚያጫውታቸው አንድ ሰው መድቡ። ሲገቡ «የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፣ ከጭልጋ» ብላችሁ ለሰዉ ሁሉ አስተዋውቁ።

ካህኑ ማዕዱን ከባረኩ በኋላ ቤቱን የሚመርቁት ከሁለቱ ወገን ትልልቆቹ ናቸው። ማን ቀድሞ እንደሚመርቅ ከዋዜማው ይነገራቸው፤ እዚያው ላይ «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» ሲባባሉ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሙዚቃው ይጥፋ፣ ስልክ ይዘጋ፣ ባለቤቶቹ ከፊታቸው ዝቅ ይበሉ። «ቤቱን የደስታ፣ የሳቅ ያድርገው፤ ወጥታችሁ ግቡ፤ ክፉ አይንካችሁ» ሲሉ ቤተ ዘመዱ በየቃሉ «አሜን» ይላል።

መምጣት ያልቻሉት በስልክ ይመርቃሉ። እኩለ ቀን ላይ ግን ዋሽንግተን ገና ከንጋቱ በፊት ነው፤ በጥር የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። ለዚያ የሚመቸው የማታው ቡና ነው። ጎንደር ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋድ ላይ ናቸው። ቪዲዮው ቢቆራረጥ ወዲያው ወደ ተራ ስልክ ቀይሩ፤ ድምፃቸው በስፒከር ለሁሉም ይሰማ።

ማስጠንቀቂያ፦ እንግዳው ቤታችሁ ሳለ ዘመዱ መሞቱን ብትሰሙ፣ በስልክም በግብዣውም መካከል አትንገሩት። ነገሩን ለሽማግሌዎች ስጡ። መርዶ በወጉ፣ በሚያጽናናው ሰው መካከል፣ ብዙ ጊዜም ማለዳ ይነገራል። ስልኩን የያዘው ልጅ እንዳያመልጠው አደራ በሉት።

ደረጃ 12፦ ስጦታ፣ ሽኝት፣ ያልመጡት

የገጠሩ ዘመድ በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ማር ወይም እህል ይዞ ይመጣል። በጉ የሚታሰርበት ቦታና ሣር አስቀድሞ ይዘጋጅ። ማን ምን እንዳመጣ በደብተሩ ይጻፍ፤ የእሱ ልጅ ሲያገባ ብድር የምትመልሱት ከዚያ እያያችሁ ነው። ያመጣበትን ዕቃ ባዶውን አትመልሱ፤ ዳቦ ወይም ቡና ይግባበት። ትንሽ ያመጣውንና ብዙ ያመጣውን እኩል አመስግኑ፤ ስጦታ በሰው ፊት አይቆጠርም።

«መቼ ትሄዳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የለም። መኪና ለመያዝ ማወቅ ካስፈለገ በልጆቻቸው በኩል ይጠየቅ። ሲነሱ ዳቦ ቆሎና የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይሰነቅላቸው፤ ቢያንስ አንዱ ባለቤት እስከ መናኸሪያ ይሸኛቸው። ማታ «እንዴት ገባችሁ?» ብላችሁ ደውሉ።

ያልመጡት ሽማግሌ ድርሻ ከድፎው ሳይነካ ተቆርጦ ይቀመጥ። ከዚያው አገር የመጣ ዘመድ ሲመለስ በንጹሕ ጨርቅ አስሮ ያደርስላቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶችና መፍትሔያቸው

- አንድ ዘመድ ተረስቶ ከሌላ ሰማ። በልጅ አታስደውሉ፣ በጽሑፍም ይቅርታ አትጠይቁ። ባል ወይም ሚስት ራሳቸው ይሂዱ፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ትልቁን ይዘው ይደውሉ። ሰበብ ሳይደረድሩ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ይበሉ።
- ጥሪው በአንድ ወገን በዛ። የሚስት ዘመድ 25፣ የባል 5 ከሆነ የተጠራው ሁሉ ተቆጥሮ ይወራል። በደረጃ 3 ላይ አራቱን ዓምድ ጎን ለጎን አይታችሁ አመጣጥኑ።
- ያልተጠራ ሰው መጣ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይጠራ መጥቶ አያውቅም፤ የተጠራው ይዞት ነው። እንደ ተጠራ ተቀበሉ፣ ስሙንም በደብተሩ ጨምሩ።
- ከጥሪው በኋላ ሞት መጣና ቀኑ ተላለፈ። በጠራችሁበት ቅደም ተከተል፣ በዚያው በጠራው ሰው አፍ ይነገር። ኔትወርክ ለሌለው ቀበሌ በዚያው ዕለት ሰው ላኩ፤ እሱን ለነገ ካላችሁ ሽማግሌው ቅዳሜ አዘዞ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ።
- ቀኑ ሲደርስ መንገድ ተዘጋ። ግብዣውን ከቅርቡ ጋር አድርጉ፣ የሩቁን ግን አልፏል ብላችሁ አትተዉት። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌዎቹን ብቻ ጠርታችሁ ቡና አፍሉ፣ ምርቃቱን ያን ዕለት ተቀበሉ፤ አንድ በግና አንድ ድፎ ዳቦ ይበቃል።